የተወተፈ እንስራ

መነን ከአዲስ አበባ የመጣች ዕለት የደብረ ብርሃን ውሻ እንኳ ከምድጃ አመድ ላይ አልነሣም ብሎ ነበር። የሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ነው። ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ዓይኑን ብቻ ያወጣል። እሷ ግን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ራሷን ለውርጩ ሰጥታ ከአውቶቡሱ ወረደች። ምን ታድርግ! ፀጉሯ ሉጫ ሆኗላ። ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ተኝቶ የወረደ ፀጉር በሻሽ ተሸፍኖ ከቀረ፣ ሉጫ መሆኑ ለማን ሊጠቅም ነው? ሳምንቱን ሙሉ ስታስነጥስ ከረመች እንጂ ራሷን አላሰረችም።

የመጣችው ታናሽ ወንድሟ ወልደሩፋኤል ቤት ልትኖር ነው። ወልደሩፋኤል ገበያው አፍ ላይ በእግር መኪና ልብስ የሚሰፋ፣ ከሴቶች ጠብ ይልቅ የመኪናውን ጩኸት የሚመርጥ ሰው ነበር። ሚስቱ እናናየሁ ደግሞ የአንኮበር ካህን ልጅ ናት። በሰፈሩ ውስጥ እንደሷ አድርጎ ሹሩባ የሚጎነጉን እጅ አልነበረም፤ ይህንንም ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድማ ያወቀችው ራሷ ነበረች።

ጠቡ የተጀመረው ገና የመነን ሻንጣ ሳይፈታ ነው። ምሳ እየቀረበ ሳለ መነን የወንድሟን ልጅ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷን አልታየችን፣ አገጯን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን አዞረቻት።

«ምነው ምነው! ይህ ከርዳዳ ከየት መጣ?» አለች። «በኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም። በሬሳ ወንዝ ታጥቦ ድንጋይ ላይ የተሰጣ የበግ ለምድ አይመስልም?»

«ከናቷ ነው የመጣው፣ እትዬ» አለች እናናየሁ ወጡን እያወጣች። «በጉም ቢሆን የለበሰው የራሱን ለምድ ነው። የተዋሰው አይደለም።»

ወልደሩፋኤል ጉርሻውን ሳይጨርስ ሥራ አለብኝ ብሎ ወጣ።

መነን የባሏ ታላቅ እኅት ናትና እናናየሁ «እትዬ» ትላታለች፣ «እርስዎ» ትላታለች። ግን «እርስዎ»ን የምትለው ከምስር ወጥ ውስጥ ጠጠር አግኝቶ እንደሚተፋ ሰው ነበር። መነንም በበኩሏ የቤቱን ሥራ ሁሉ ትሠራለች፤ ትፈትላለች፣ ሽንኩርት ትልጣለች፣ በርበሬ ትለቅማለች። እንስራ ግን አላዝልም አለች።

«እኔ አዲስ አበባ ፀጉር ሠሪ ነበርኩ» አለች። «የትልልቅ ሰዎችን ሚስቶች ራስ የነካ እጅ ውሃ አይቀዳም።»

እናም እናናየሁ በቀን ሁለት ጊዜ እንስራ አዝላ ከበሬሳ ስትመለስ፣ ጣቶቿ በብርዱ ደርቀው ገመዱን መፍታት ሲያቅታቸው፣ መነን ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ መስተዋት ይዛ ታገኛታለች። ወፍ ሊለቅመው የመጣበት ማሳ ያላት ይመስል ፀጉሯን ስትጠብቅ ትውላለች።

«ሞቀዎት፣ እትዬ?»

«ሞቀኝ፣ ልጄ። አንቺስ በረደሽ?»

የበጉ ነገር እዚያው ቤት ውስጥ ቢቀር ኖሮ ደግ ነበር። ግን መነን ይህን ቀልዷን ወደደችውና ደጅ ላይ ለአላፊ አግዳሚው ደገመችው። ከአላፊ አግዳሚው የሰፈር ልጆች ሰሙት። ከሰፈር ልጆች ትምህርት ቤት ገባ። በታኅሣሥ አልታየች ክፍል ስትገባ ከኋላ ወንበር «ባአአ!» የሚል ድምፅ ይቀበላት ጀመር።

ይባስ ብሎ በዚያው ወር ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ ነው ተባለ። ጥር ስምንት ቀን ይመጣል፤ አንዲት ሴት ልጅም አበባ ትሰጠዋለች። በንባብ አንደኛ የወጣችው አልታየች ተመረጠች። መምህሩም «ልብስሽን አጥበሽ፣ ፀጉርሽን አስተካክለሽ እንድትመጪ» አላት። እሱ ያለው ለሁሉም የሚባለውን ነበር። እሷ ግን የሰማችው «ባአአ!» የሚለውን ነው።

እናናየሁ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ የልጇን ራስ ጉልበቷ መካከል ታስገባና ትሠራታለች። ቅቤውን ትቀባለች፣ በሚዶ ታበጥራለች፣ ትከፍላለች፣ ትጎነጉናለች። ስትጎነጉን ታጠብቃለች፤ ቅንድብን ወደ ላይ የማይስብ ሹሩባ ለእሷ ሹሩባ አይደለም። በዚያ ቅዳሜ ገና ሦስተኛውን ሳትጨርስ አልታየች ማልቀስ ጀመረች።

«ዝም በይ። ሳያለቅስ ያማረበት የለም።»

«አክስቴ ትሥራኝ» አለች ልጅቱ።

የእናናየሁ እጅ ቆመ። «ማን?»

«አክስቴ። ፀጉሯን ሉጫ ያደረገችበትን መድኃኒት ትቀባኝ። እኔም ሉጫ ልሁን።»

«መድኃኒቱ ያቃጥላል እኮ! ራሷ ስትናገር አልሰማሽም?»

«ያንቺም ያማል። የሷ ቢያም አንዴ ነው። ያንቺ በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው።» ልጅቱ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና የመጨረሻዋን ወረወረች፦ «ደግሞ አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ባላገር ነሽ። አክስቴ እንደዚያ ብላለች።»

እናናየሁ በሚዶው ትከሻዋን መታቻት። በኃይል አልነበረም፤ ግን ሚዶው ጥርስ አለው። ከዚያ ግማሽ የተሠራውን ራስ ከጉልበቷ ገፋ አደረገችና ተነሣች። መነን እንደልማዷ ፀሐይ ላይ ነበረች።

«ይሥሯት» አለቻት።

«ማንን?»

«የበግ ለምዱን። ይሥሩት፤ እኔም ቁጭ ብዬ ልይ።»

መነን በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ከሻንጣዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ብልቃጥ አወጣች። ውስጡ ሞራ የመሰለ ነጭ ነገር አለ። ሲከፈት ልብስ ማጠቢያ ሶዳ ሶዳ ይሸታል። «በሥላሴ ዋዜማ እሠራታለሁ» አለች። «እንግዳው በማግስቱ ማግስት ሲመጣ ፀጉሯ ገና ያበራል። ለዚያ ቀን ሁለት እንስራ ውሃ ቅጂልኝ። ሁለት ነው ያልኩሽ፤ አንድ አይበቃም። ሰምተሻል?»

«እሺ፣ እትዬ።»

ከእናናየሁ አፍ እንዲያ ለስልሶ የወጣ እሺታ መነንን ሊያስደነግጣት በተገባ ነበር። አላስደነገጣትም።

ጥር ስድስት ቀን ጠዋት እናናየሁ አንድ እንስራ ውሃ ቀዳች፤ እሱንም ለወጥና ለዕቃ እጥበት ጨረሰችው። ከዚያ ሁለቱን ባዶ እንስራዎች ከበሩ ጥግ ጎን ለጎን አቆመች፣ አፋቸውንም በእርጥብ ሣር ወተፈቻቸው። አፉ የተወተፈ እንስራ ሙሉ ነው። በዚያ አገር ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም፤ ውሃ እንዳይፈስ ይወተፋል እንጂ ባዶ ሸክላ ማን ይወትፋል?

ሐሳቧ እንዲህ ነበር። መነን መድኃኒቷን ቀብታ ስትጨርስ እንስራውን ታነሣለች፤ ባዶ ነው። ሁለተኛውን ታነሣለች፤ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ያቺ የትልልቅ ሰዎች ሚስቶችን ራስ የነካች እመቤት እንስራ አዝላ፣ ሉጫዋን ለነፋስ ሰጥታ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ በሬሳ ትወርዳለች። ልጅቱስ? ልጅቱ ምን ትሆናለች? እናናየሁ ያቃጥላል መባሉን ከሹሩባ ሕመም ለይታ አላየችውም፤ ራስ ላይ የሚቀባ ነገር አንድ ብቻ ታውቃለች፤ ቅቤ። ቅቤ አናት ላይ ሁለት ቀን ቢያድር፣ ሦስት ቀን ቢያድር፣ ፀጉሩን ያለሰልሰዋል እንጂ ምን ያደርጋል? መነን ወንዝ ወርዳ እስክትመለስ መድኃኒቱ ቢቆይ እንደውም ይበልጥ ይይዛል።

አልታየች ሣሩ ሲወተፍ አየች። «እማዬ፣ ባዶ አይደለም እንዴ?»

«አፍሽን ያዢ። ዛሬ አክስትሽ ውሃ ትቀዳለች።»

ልጅቱ አፏን በእጇ ከድና ሳቀች። እናቷም ሳቀች። ከሚዶው ወዲህ አብረው ሲስቁ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ መነን ልጅቱን በርጩማ ላይ አስቀመጠችና ነጩን ነገር በእንጨት እየዛቀች ከመሀል አናቷ ጀምራ ትቀባ ገባች። «እናናየሁ፣ ራሷን ያዢልኝ፤ እንዳትነቃነቅ» አለች። እናናየሁም ያዘች።

ጥቂት እንደቆየ አልታየች «አቃጠለኝ» አለች።

«ይዟል ማለት ነው» አለች መነን።

«ቻይው» አለች እናናየሁም። «ኮሶስ ይመር የለ? ሳይመር ያሻረ መድኃኒት የታለ?»

ሁለቱ ሴቶች በአንድ ነገር የተስማሙት ያኔ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ አቃጠለኝ! እማዬ!» ልጅቱ ለመነሣት ታገለች። የእናቷ እጆች ጆሮና ጆሮዋን ይዘው አስቀመጧት።

መነን የቀባችበትን እንጨት ጣለች። «በቃ፣ ይታጠብ። ውሃ አምጪ!»

«እንስራው እዚያ ነው» አለች እናናየሁ ሳትነሣ። «እጅ የለዎትም?»

መነን ለሙግት ጊዜ አልነበራትም። ወደ በሩ ሮጠች፣ ሣሩን ነቅላ እንስራውን በሁለት እጇ አቀፈች፣ ሙሉ እንስራ እንደሚያነሣ ሰው ወገቧን አጽንታ ብድግ ስታደርገው፣ ባዶው ሸክላ ላባ ሆኖ እስከ አገጯ ወጣና ወደ ኋላ ልትወድቅ ተንገዳገደች።

እናናየሁ ሳቀች። ሳምንት ሙሉ ስትጠብቀው የቆየችው ሳቅ ነውና ከሆዷ ወጣ።

መነን ሁለተኛውን ወዘወዘችው። ከዚያ ፊቷን መለሰች። እናናየሁ የጠበቀችው ቁጣ ነበር፤ ያየችው ግን ፍርሃት ነው። የሴትየዋ ከንፈር ዐመድ መስሏል።

«አንቺ ሞኝ» አለች መነን ቀስ ብላ። ከዚያ ጮኸች። «ይበላታል! ሥጋዋን ይበላታል! ውሃ! ከየትም ቢሆን ውሃ!»

ያን ጊዜ ነው እናናየሁ የልጇን ጩኸት በእውነት የሰማችው። ልጅቱን በብብቷ አንጠልጥላ፣ አጥሩን በጎኗ ጥሳ ጎረቤቷ እማማ ወለተሐና ግቢ ገባች፤ መነንም ተከተለቻት። እማማ ወለተሐና ለነገው የጥር ሥላሴ ማኅበር ድግሱን የያዙ፣ ጠላቸው በሰፈሩ የተመሰከረለት አሮጊት ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ የነበረ ውሃ ሁሉ ጠላ ሆኗል። ሦስት ጋን ተርታውን ቆሟል። እናናየሁ የመጀመሪያውን ጋን ክዳን ወርውራ፣ ጣሳ ነክራ ልጇ አናት ላይ ገለበጠች። ደግማ ገለበጠች።

እማማ ወለተሐና ወንፊት ይዘው ከማድቤት ወጡ። «አንቺ! የሥላሴን ጠላ! አብደሻል?»

«ልጄን፣ እማማ! ልጄን!»

አሮጊቷ ቀረብ ብለው አዩ። ፀጉሩ ከጠላው ጋር አብሮ እየወረደ ነው፤ እፍኝ እፍኝ እየሆነ፣ እንደተነደፈ ሱፍ። ከሥሩ ቀይ ሥጋ ይታያል። ወንፊቱን ጣሉ።

«ያንን ተይው፣ አተላ አለው!» አሉ። «ከዚህኛው፣ ከጠለለው ቅጂ! አንቺ ባለ ሉጫ፣ ምን ተገትረሽ ታያለሽ? ያዢ ጣሳ! ሥላሴ የራሳቸውን ይቅር ይበሉኝ።»

ሦስቱ ሴቶች ጋኑን ተቀባብለው አፈሰሱት። ወደ ሁለተኛውም ገቡ። ልጅቱ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ጌሾ ጌሾ እየሸተተች፣ ጩኸቷ ወደ ሲቃ እስኪወርድ ድረስ አፈሰሱባት። በማግሥቱ ማኅበርተኞቹ ቅራሪ ጠጥተው ተመለሱ። ለልጅቱ ከልባቸው አዘኑ፤ ለጠላውም እንዲሁ።

ዓይኗና ፊቷ ተረፉ። መሀል አናቷ ግን የቡና ሲኒ አፍ በሚያህል ክብ ተላጠ፤ ዙሪያውን የቀረውም ፀጉር እዚህም እዚያም ተነጨ። ጥር ስምንት ቀን እንግዳው መጣ፣ ተጨበጨበ፤ አበባውን ሌላ ልጅ ሰጠችው። አልታየች ጭብጨባውን ከአልጋዋ ላይ ሰማችው።

ወልደሩፋኤል በሥራ ቀን መኪናውን ዘግቶ ሲመጣ በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር። የነፍስ አባታቸውን መምሬ ገብረአማኑኤልን አስጠርቶ ሁለቱን ሴቶች አቆማቸው።

«ሁለት እንስራ ውሃ ቅጂ ብያታለሁ» አለች መነን። «እንስራው ተወትፎ ቆሟል። ሳነሣው ባዶ ነው። ሆን ብላ ነው!»

እናናየሁ ዓይኗን መሬት ላይ አደረገች። «ቀድቼ ነበር» አለች። «እሳቸው ናቸው እጃቸውንና ዕቃቸውን ሲታጠቡ የፈጁት።»

«ውሸታም!»

«መስቀሉ ይየኝ» አለች እናናየሁ። መምሬ ገብረአማኑኤል ግን መስቀላቸውን አላወጡም። ዘወር አሉና አልጋ ላይ ራሷ በጨርቅ ወደተጠቀለለው ልጅ አዩ።

«ልጄ፣ አንቺ ቤት ነበርሽ። እንስራው ውሃ ነበረው?»

አልታየች እናቷን አየች፤ ረጅም ጊዜ አየቻት። አብረው የሳቁት ሳቅ በመካከላቸው ቆሟል።

«እንጃ» አለች ልጅቱ። «ልብ አላልኩም።»

ፍርዱ በዚያው አለቀ። ሶዳውን ያመጣችው መነን ናት፤ መነን ጥር ሳያልቅ ወደመጣችበት ትመለስ ተባለ። መነን የልጅቱን ዓይን አየችና ሻንጣዋን ልታሰናዳ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አልታየች ከእናቷ ጋር አልተነጋገረችም። የሰጠቻትን ትበላለች፣ የላከቻት ትሄዳለች። አፏን ግን አትከፍትም። እናናየሁ እንድትናገር ቁጣም ሞከረች፣ ልምምጥም ሞከረች። ቤቱ ውስጥ ከልጅቱ ዝምታ ይልቅ የመነን ንዝንዝ ይሻለኛል ብላ እስክትመኝ ደረሰች። ከዚህ የባሰ መመኘት ለእናናየሁ ከየት ይመጣል!

ቁስሉ ሲደርቅ ጥር ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። እናናየሁ ምላጭ ስላ፣ ለብ ያለ ቅቤ በዕቃ ይዛ በርጩማውን ፀሐይ ላይ አወጣች።

«ነይ፣ የኔ ልጅ» አለች። «ሳዱላ ላድርግሽ። በኔ ጊዜ አንኮበር ውስጥ ልጃገረድ ሁሉ መሀል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ትተወው ነበር። እንደዚያ አስተካክዬ ስላጭሽ፣ የተቃጠለው ቢታይ እንኳ የወግ ነው ይላሉ እንጂ ማንም አያውቅብሽም።»

አልታየች ደጃፉ ላይ ቆማ ምላጩን አየች። ከዚያ የእናቷን እጅ አየች።

«አንቺ አትነኪኝም» አለች። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልሰማችው ድምፅ ነው። «እማማ ወለተሐና ይላጩኝ።»

«እኔ እያለሁ በጎረቤት? ሰው ምን ይላል?»

«አንቺ ውሃ ቅጂ። ሁለት እንስራ።»

በሌላ ቀን ቢሆን እናናየሁ እናቱን ለሚያዝ ልጅ የሚገባውን ታውቅ ነበር። ምላጩን በርጩማው ላይ አኖረችና እንስራዋን አዝላ ወረደች።

ሞልታ ስትመለስ የአውቶቡሱ መንገድ ዳር መነንን ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ራሷን በሻሽ አስራለች። ከሻሹ በታች፣ ጆሮ ግንዷ አካባቢ፣ አዲስ የበቀለው ሥር የጣት ውፍረት ያህል ብቅ ብሏል። ከርዳዳ ነው።

እናናየሁ አንገቷን ደፍታ ልታልፍ ስትል መነን ወደ እንስራው አፍ በአገጯ ጠቆመች።

«ሣሩን አንሥቼ ልየው? ወይስ እንደዚያኛው ነው?»

«መንገድሽን ሂጂ» አለች እናናየሁ። «እርስዎ»ው በዚያች ቀን አብሮ ተሸኘ።

«እሄዳለሁ። ሶዳው የኔ ነው፤ አልካድኩም። ውሃው ግን ያንቺ ነበር። ልጅቱም ታውቃለች፤ በዓይኗ አይቻለሁ።» መነን ሻሿን ወደ ጆሮዋ ሳብ አደረገች። «ሁለት እንስራ ያልኩሽ በከንቱ አልነበረም። እዚያ ፀጉር ቤት የኔ ሥራ ውሃ ማፍሰስ ነበር። ስምንት ዓመት ውሃ ተሸከምኩ። የሰው ፀጉር ቀብቼ አላውቅም።»

እናናየሁ ከነሸክሟ ዞረች። «ታዲያ ልጄን መማሪያ አደረግሻት?»

«አንቺስ መሳቂያ አደረግሻት።»

አውቶቡሱ አቧራውን ይዞ መጣ። አንዷም ደኅና ሁኚ አላለችም።

እናናየሁ ግቢ ስትደርስ አልታየች አጥሩ ሥር በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። እማማ ወለተሐና ምላጩን ቀስ እያደረጉ ዙሪያውን እያስተካከሉላት፣ ቁስሉ ዳር ሲደርሱ እፍ ይላሉ። «አይዞሽ፣ የኔ ሳዱላ» ይሏታል። «የሥላሴን ጠላ የጠጣ ፀጉር ነው፣ ጠግቦ ይበቅላል።» ልጅቱ ፈገግ አለች። እናቷን ስታይ ተወችው።

እናናየሁ እንስራውን አወረደች። «ይኸው» አለች። «ሙሉ ነው።»

አልታየች ከበርጩማው ተነሣች። ሣሩን ነቀለች፣ እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን በእንስራው አፍ አስገባች። ውርጭ ያደረበት ውሃ ክርኗ ድረስ እስኪነካት ጠበቀች። እጇን አወጣች፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ተመልሳም ተቀመጠች።

«ሁለተኛውስ?» አለች።

እናናየሁ ሁለተኛውን ባዶ እንስራ አዝላ ወደ በሬሳ ተመለሰች።